ድልድዩ ላይ ቆሜ ድልድዩን ስጠይቅ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ከተማ ይጠይቃሉ። ጥፋቱ የኔ ነው። ባለፈው ዕትም «ኤርፉርት የምትባል የጀርመን ከተማ ውስጥ ሦስት ሳምንት በእግሬ ስዞር ከረምኩ» ብዬ በአንድ መስመር ጠቅሼ ዝም አልኩ። ወሬ ጀምሮ መተው ደግሞ እኛ አገር ነውር ነው። ስለዚህ ዛሬ ስድስቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰባትና ስምንቱን መቀነስ የእናንተ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ወደ ኤርፉርት ልሄድ ነው። ትምህርቱ ከሰኞ እስከ ዓርብ ስለሆነ የሚተርፈኝ ሁለት ቅዳሜ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ሁሉም የሚያሳየኝ ያንኑ ድልድይና ያንኑ ካቴድራል ነው። ሌላው የሚያልፈውን ነገር ማየት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? (መምህርት፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስለዚያው ድልድይ ልንገርሽ፤ እኔን ጉድ የሠራኝ እሱ ነውና። በደረስኩ ማግሥት ክሬመርብሩከን ፍለጋ ወጣሁ። በእኛ አፍ የቸርቻሪዎች ድልድይ ማለት ነው። አንድ ጠባብ መንገድ ገባሁ። ግራና ቀኝ ትናንሽ ሱቆች፣ ከላያቸው መኖሪያ ቤቶች፣ ከእግሬ ሥር ኮብልስቶን። መሀል ላይ ስደርስ አበባ የምታጠጣ ሴትዮ አገኘሁና በተሰባበረ ጀርመንኛዬ ድልድዩ ወዴት እንደሆነ ጠየቅኋት። ሴትዮዋ መጀመሪያ እኔን አየች፣ ቀጥላ መሬቱን አየች። «ላዩ ላይ ቆመሃል» አለችኝ።

ለካ እዚያ ላይ ሆነሽ ውሃው አይታይም። ድልድዩ ከ1325 ጀምሮ የድንጋይ ነው፤ በሁለቱም ጎን ቤት ተደርድሮበታል፤ ዛሬ 32 ቤቶች አሉ፣ ሰውም ይኖርባቸዋል። በእንጨት ሳለም ሆነ በድንጋይ ከሆነ በኋላ እሳት ስንት ጊዜ በልቶታል። እና ላዩ ላይ ስትሄጂ ተራ የገበያ መንገድ ላይ ያለሽ ነው የሚመስልሽ። ድልድይ መሆኑ የሚገባሽ በጎን ወርደሽ ወንዙ ዳር ሣሩ ላይ ስትቀመጪና ከሥር ወደ ላይ ስታዪው ነው። ያኔ ቅስቶቹ፣ በላያቸው የቤቶቹ ጀርባ፣ እንጨትና ጭቃ የተጠላለፈበት ግድግዳ፣ ሁሉም ይገለጥልሻል። ወንዙ ጌራ ይባላል። አባይን ለምዶ ላደገ ሰው ወንዝ ማለት ያሳፍራል፤ ዳክዬ በእግሯ የምትሻገረው ነው። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ኤርፉርትን ከጀርባው ዞሬ ወይም ከሥሩ ገብቼ ካላየሁት አየሁት አልልም።

በይ አሁን እንሂድ። ጠዋት ከባቡር ጣቢያው ጀምሪ። እንደወጣሽ ፊት ለፊት ያለው የድሮ ሆቴል ጣሪያ ላይ ትልልቅ ፊደላት ታያለሽ፤ «ቪሊ ብራንት ወደ መስኮቱ» ማለት ነው። ጀርመን ለሁለት ተከፍላ ሳለ፣ ማርች 19 ቀን 1970፣ የምዕራቡ መሪ ቪሊ ብራንት የምሥራቁን አቻውን ሊያገኝ እዚህ ሆቴል ገባ። ሕዝቡ የፖሊሱን ሰልፍ ጥሶ አደባባዩን ሞላውና በመስኮት ብቅ እንዲልለት ጮኸ። የምሥራቁም መሪ ስሙ ቪሊ ነበር፤ ቪሊ ሽቶፍ። ስለዚህ ማንን እንደጠሩ እንዳይምታታ ሙሉ ስሙን ጠሩ። ብራንት ብቅ አለ፤ በእጁም ቀስ በሉ አላቸው። ተመልሶ የሚሄደው እሱ ነው፣ የሚቀሩት እነሱ ናቸዋ።

ቀጥሎ ያለው አንገር የሚባለው ሰፊ ጎዳና ሱቅና ትራም ነው፤ እለፊው። ወደ ግራ ገባ ብለሽ የባርፉሰርን ቤተ ክርስቲያን ፈልጊ። ስሙ «ባዶ እግሮቹ» ማለት ነው፤ ያለ ጫማ ይሄዱ የነበሩት የፍራንሲስካን መነኮሳት ነበር። በኖቬምበር 1944 ቦምብ ወደቀበት። ከፊሉን ጠገኑት፤ ዋናውን አዳራሽ ግን እንደፈረሰ ተዉት። ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያው ሰማይ ነው። እኔ ስገባ ከአንዲት እርግብ በቀር ማንም አልነበረም።

ከዚያ ድልድዩን ተሻገሪና በጎን ውረጂ። ወንዙ ዳር መሬት ውስጥ ጠልቆ የተሠራ አነስተኛ የድንጋይ ክፍል አለ። ይሄ ሚክቬ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን እዚህ ይኖሩ የነበሩ አይሁድ ለመንጻት ሥርዓት የሚጠመቁበት ውሃ። ዘመናት ሙሉ አፈር ለብሶ ኖሮ የተገኘው ገና በ2007 ነው። ስንት ሰው በላዩ ሲመላለስ ኖሯል!

ምኩራቡ ደግሞ ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ነው። እሱ ይበልጥ ይገርማል። ከግንቡ በዕድሜ ትልቁ ክፍል ከ1094 አካባቢ ነው፤ በአውሮፓ እስከ ጣሪያው ቆመው ከተረፉት ምኩራቦች በጣም ከቀደሙት አንዱ ነው። በ1349 በከተማው አይሁድ ላይ ጭፍጨፋ ተፈጸመ። ከዚያ በኋላ ሕንጻውን ነጋዴ ወሰደውና መጋዘን አደረገው። ቆይቶ ምግብ ቤትና የጭፈራ አዳራሽ ሆነ። ዙሪያውን ቤት እየተሠራ ስለተሸፈነ ምኩራብ መሆኑን የከተማው ሰው ራሱ ረሳው። ናዚዎች በየቦታው ምኩራብ ሲያቃጥሉ ይሄኛው ያመለጣቸው ተረስቶ ስለነበረ ነው። ዛሬ ሙዚየም ነው። ምድር ቤቱ ውስጥ በ1998 ሚካኤሊስ ጎዳና ላይ ከአንድ ቤት ግንብ ሥር የተቆፈረው ሀብት አለ፤ 3141 የብር ሳንቲም፣ 14 ጥፍጥፍ ብር፣ በመቶ የሚቆጠር ጌጣጌጥ፣ ሁሉም ተደምሮ 28 ኪሎ ገደማ። ከመሀሉ ቤት የሚመስል ጉልላት ያለው የወርቅ የሠርግ ቀለበት አለ። ከጭፍጨፋው ፊት ባለቤቱ ቀብሮት ሊመለስ አስቦ ነበር ይባላል። አልተመለሰም። እዚያ ቀለበት ፊት ቸኩለሽ አትለፊ።

ምኩራቡ፣ ሚክቬውና «የድንጋይ ቤት» የሚሉት አንድ የድሮ ቤት በሴፕቴምበር 2023 በዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል። ስለዚህ ብዙም ሳይቆይ ሰው ይበዛባቸዋል፤ ቶሎ በይ።

ከምኩራቡ ጀርባ ያሉት ከፍ ያለ ጣሪያና ደቃቅ መስኮት ያላቸው ቤቶች የቫይድ ማከማቻዎች ናቸው። ቫይድ ቅጠሉ ሰማያዊ ቀለም የሚወጣው ተክል ነው። ቅጠሉን ይፈጩታል፣ እንደ ኳስ ያድቦለቡሉታል፣ ያደርቁታል፣ ከዚያ በውሃና በሽንት አርሰው እንዲብላላ ያደርጉታል። የኛ ጠላ ጠማቂ እናቶች የመብላላትን ነገር አሳምረው ያውቁታል፤ ሽንቱን ግን እዚያው ይተዉላቸው። ከተማውን ያበለጸገው ይሄ የሚሸት ንግድ ነበር። በኋላ ከህንድ ኢንዲጎ በመርከብ መጣና ገበያውን ገደለው።

እግርሽ ካልደከመ ወደ አንድሬያስ ሰፈር ዝለቂ። ቤቶቹ አጫጭርና ጠባብ የእጅ ባለሙያ ቤቶች ናቸው። አንዱ መንገድ ፔርጋሜንተርጋሰ ይባላል። የብራና ሠሪዎች መንገድ ማለት ነው! ስሙን ሳነብ ዲማ ጊዮርጊስና ዋሸራ ትዝ አሉኝ። ቆዳ የሚወጥሩት፣ የሚፍቁት፣ ቀለም የሚበጠብጡት ሰዎች እዚያም የራሳቸው ሰፈር ነበራቸው። ዛሬ የፍየል ቆዳ አይሸትም፤ ብስክሌትና የድስት አበባ ነው። የምሥራቅ ጀርመን ሶሻሊስት መንግሥት ይሄንን ሰፈር አፍርሶ ሰፊ መንገድና ፎቅ ሊሠራበት ነበር። በ1989 ሕዝቡ ተነሣና ተረፈ። ስንት ያረጀ ሰፈር ሲፈርስ ያየን ሰዎች እዚያ ስናልፍ ትንሽ ቅናት ቢይዘን አይፈረድብንም።

ለመጨረሻ ኮረብታውን ውጪ። ፔተርስበርግ ይባላል፤ ምሽግ ነው። የማይንዝ ሊቀ ጳጳስ ከተማውን በ1664 በጉልበት ካስገበረ በኋላ በማግሥቱ ዓመት ማሠራት ጀመረ። መድፉ ለውጭ ጠላት ብቻ አልነበረም፤ ያመፀ የከተማ ሰውንም ይጠብቅ ነበር። ሁሉም ሰው ላዩ ላይ ወጥቶ ፎቶ ይነሣል። አንቺ ከአስጎብኚ ጋር ከሥሩ ግቢ። በግንቡ ውስጥ ጠባብ መተላለፊያዎች አሉ፤ ወታደሮች ጨለማ ውስጥ እየተመላለሱ ጠላት መሬት ይቆፍር እንደሆነ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ጥለው ያዳምጡ ነበር። በበጋም ይቀዘቅዛል፣ ሹራብ ያዢ። ስትወርጂ በ70 ደረጃዎች ላይ የቆሙት ካቴድራሉና የቅዱስ ሴቬሩስ ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ይጠብቁሻል። እነሱን ሌላው ሁሉ ስለሚነግርሽ እኔ ደወሏን ብቻ እነግርሻለሁ። ግሎሪዮሳ ትባላለች፤ በ1497 የተቀለጠች፣ ከ11 ቶን በላይ የምትመዝን። የምትደወለው በትላልቅ በዓላት ብቻ ነው። ቀኑ ከገጠመልሽ ደረጃው ላይ ተቀመጪና ስሚ፤ ድምፅዋ በእግርሽ በኩል ነው የሚመጣው።

ሁለተኛዋን ቅዳሜ ዝቅ ብሎ ለየኔታ ከጻፍኩት መልስ ውስጥ ፈልጊያት።

ጥያቄ፦ የማላውቀው ከተማ ስሄድ ያለ ጎግል ማፕ አንድ እርምጃ አልንቀሳቀስም። አንተ ግን «ስልኬን ኪሴ ከትቼ ዞርኩ» ብለሃል። ጉራ ነው አይደል? (ወጣት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ግማሹ ጉራ ነው። ግማሹ ባትሪው ስላለቀ ነው። ግን ስማኝ። አንተ ባሕር ዳር ውስጥ ለሰው አድራሻ ስትነግር ቁጥር ትናገራለህ? «ከመስጊዱ አለፍ ብሎ ቀይ በር ያለው» ነው የምትለው። የኤርፉርት ሰዎችም የቤት ቁጥር ሳይመጣ በፊት እንደዚያ ነበሩ። እያንዳንዱ ቤት ስም ነበረው፤ ስሙም ከበሩ በላይ በድንጋይ ተቀርጾ ወይም በቀለም ተሥሎ ነበር። ብዙዎቹ ዛሬም አሉ። ዓሣ ገበያ በሚባለው አደባባይ «ቀዩ በሬ» የሚባል ቤት አለ፤ በሬው እዚያው ግንቡ ላይ ነው። የከተማው ታሪክ ሙዚየም ያለበት ቤት ደግሞ ስሙ «የደረቀው ዓሣ» ነው። ታዲያ እኔ ወደ ማረፊያዬ የምመለሰው «ከዓሣው ወደ በሬው፣ ከበሬው ወደ ድልድዩ» እያልኩ ነበር። አንገትህን ቀና አድርገህ በራፎቹን እያየህ ሂድ። ስልኩን አውጣው፣ ግን ስትጠፋ ብቻ። የድሮው ከተማ እንደሁ ትንሽ ነው፤ ብትጠፋም ከሃያ ደቂቃ በላይ አትጠፋም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ የእግረኛው መብራት ቀይ ሲሆን መኪና ባይኖርም ቁም። ያንን ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ያለበትን መብራት በ1961 የነደፈው የምሥራቅ ጀርመኑ ካርል ፔግላው ነው፤ ሰው ይወደዋል፣ ይታዘዘዋልም። እኔ አንድ ቀን በቀይ ተሻገርኩና ልጅ የያዘች እናት ተቆጣችኝ። ልጄ አይቶህ ይለምዳል ነው ነገሩ። እውነቷን ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ተማሪዎቼ በስልክ እያነበቡልኝ ዓምድህን እሰማለሁ። የአማርኛን ሰዋስው መጀመሪያ ያሳተመው ጀርመናዊ ነው ሲሉ ሰማሁ። አገሩም አንተ የዞርክበት ከተማ ነው ይላሉ። እውነት ነውን? እውነት ከሆነስ መምህሩ ማን ነበር? ያለ መምህር የሚቆጠር ቋንቋ አላውቅም። (የቅኔ መምህር፣ ከቢቸና አካባቢ)

መልስ፦ የኔታ፣ እውነት ነው። ከሁሉ ደስ ያለኝ ደግሞ ስለ መምህሩ መጠየቅዎ ነው፤ ፈረንጆቹ ሲያወሩ ብዙ ጊዜ ስለ ተማሪው ብቻ ነውና።

ተማሪው ኢዮብ ሉዶልፍ ይባላል። በ1624 ኤርፉርት ተወለደ፤ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማረ። ዩኒቨርሲቲው ፈቃዱን ያገኘው በ1379 ሲሆን የድሮው ዋና ሕንጻው ሚካኤሊስ ጎዳና ላይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ፈርሶ እንደገና ተሠርቷል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ «ይሄ ልጅ ግእዝን ምን አሳሰበው?» እያልኩ ነበር። ሉዶልፍ ግእዝን ገና በወጣትነቱ ከመጻሕፍት ብቻ ለመማር ታገለ። በዘመኑ የነበሩት መጻሕፍት ግን ስሕተት የሞላባቸው ነበሩ። እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ያለ መምህር አልሄደም።

በ1649 ሮም ሄደ። ከቫቲካን ሥር የኢትዮጵያ መነኮሳት የሚኖሩበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ነበር። እዚያ አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፤ ከአባይ ማዶ፣ ከአማራ። ከዚያ በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባን ወደ አገሩ አስጠራቸው። ሉዶልፍ በዚያን ጊዜ የመስፍኑ ባለሟል ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ተራራ አቋርጠው ጀርመን ገቡና ፍሪደንሽታይን በሚባለው ቤተ መንግሥት ተቀመጡ፤ ሕንጻው እንኳ ገና አላለቀም ነበር። ሁለቱ ሰዎች እየተቀመጡ ግእዝን፣ አማርኛን፣ የአገሩን ወግና ታሪክ፣ የወንዞቹን አወራረድ ሳይቀር አንድ በአንድ አነሡ። ከተለያዩም በኋላ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር።

አባ ጎርጎርዮስ አገራቸውን ተመልሰው አላዩም። በ1658 በሶርያ ባሕር ዳርቻ አካባቢ መርከብ ሰጥሞ አረፉ። ሉዶልፍ የግእዙን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661፣ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛውን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 አሳተመ። ያ የመጨረሻው እንግዲህ መምህሩ ካረፉ ከ40 ዓመት በኋላ ነው። 74 ዓመት የሆነው ሽማግሌ በወጣትነቱ ከአንድ መነኩሴ አፍ የሰማውን ቃል ሲያትም አስቡት። ሉዶልፍ ራሱ የመምህሩን ስም አልደበቀም፤ በመጻሕፍቱ ደጋግሞ ያነሣቸዋል።

ደቀ መዝሙርም ነበረው፤ ዮሐን ሚካኤል ቫንስሌበን ይባላል፤ ከኤርፉርት ሰሜን ካለችው ዞመርዳ የተወለደ። መስፍኑ በ1663 ወደ ኢትዮጵያ ላከው። ግብፅ ደረሰ፤ ወደ ኢትዮጵያ ግን ሳይዘልቅ ቀረ።

የደብረ ማርቆሷ እህቴ፣ ሁለተኛዋ ቅዳሜሽ ይቺ ናት። ጎታ ከኤርፉርት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ፍሪደንሽታይን ዛሬም አለ፤ ነጭና ግዙፍ ሆኖ ኮረብታ ላይ ተቀምጧል። ጎብኚው ሁሉ የመስፍኖቹን ወንበርና ሥዕል ለማየት ነው የሚመጣው። አንቺ ግቢው መሀል ቁሚና «አባ ጎርጎርዮስ እዚህ ነበሩ» በይ። እኔ ጮክ ብዬ ብዬዋለሁ። አንድ ጥበቃ ዞር ብሎ አየኝ እንጂ ምንም አላለም።

ጥያቄ፦ እኔ ጀርመን ውስጥ ነው የምሠራው፤ ኤርፉርት ለአንድ ቀን ሄጄ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ካፌ ተቀምጬ ተመለስኩ። ዳግመኛ ብሄድና ቢዘንብ ምን ልይ? (ነርስ፣ የዳንግላ ልጅ)

መልስ፦ ዝናብ ሲጥል የሚገባባቸው ሁለት ቤቶች አሉ። ሁለቱም ከባድ ናቸው፤ ልብሽ ካልፈቀደ ካፌው ይሻላል።

አንደኛው ከባቡር ጣቢያው በስተምሥራቅ ያለው የቶፕፍ እና ልጆቹ ፋብሪካ ነው። ይሄ ድርጅት ኦሽዊትዝ የሚባለውን የናዚዎች የሞት ካምፕ የሬሳ ማቃጠያ ምድጃዎች የሠራው ነው። መሐንዲሶቹ እዚሁ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ነደፉት። ከ2011 ጀምሮ መታሰቢያ ሙዚየም ሆኗል። እኔን የያዘኝ ወረቀቱ ነው። ደረሰኝ፣ የዋጋ ማቅረቢያ፣ «ከአክብሮት ጋር» የሚል የንግድ ደብዳቤ። ማንም እየጮኸ አልሠራውም፤ የቢሮ ሥራ ነበር። ወጥቼ ዝናቡ ውስጥ ብዙ ቆምኩ።

ሁለተኛው ከካቴድራሉ አደባባይ አጠገብ አንድሬያስ ጎዳና ላይ ያለው የሽታዚ እስር ቤት ነው። ሽታዚ የምሥራቅ ጀርመን የደህንነት ፖሊስ ነው። ዲሴምበር 4 ቀን 1989 ጠዋት ከቢሮው ጭስ ማውጫ ጭስ ሲወጣ ሰነድ እየተቃጠለ ነው ተባለ። ጥቂት ሴቶች ሰውን ቀስቅሰው በሩን አስከፍተው ገቡ። በጠቅላላው ምሥራቅ ጀርመን ሕዝብ የያዘው የመጀመሪያው የአውራጃ ሽታዚ ቢሮ ይሄ ነው። የእስር ክፍሎቹ እንዳሉ ተትተዋል። እኛ ደግሞ በየቤቱ የደርግን እስር ቤት ያየ አጎት አለን፤ ስለዚህ በሩን፣ ቀዳዳውን፣ ብርድ ልብሱን ስታዪ አስጎብኚ አያስፈልግሽም።

ሰማዩ ከጠራልሽ ከወንዙ ሰሜን ወዳለው የአውጉስቲን ገዳም ሂጂ። ማርቲን ሉተር በ1505 የመነኮሰው እዚያ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1534፣ አባ ሚካኤል የሚባሉ ኢትዮጵያዊ ዊተንበርግ ድረስ ሄደው ሉተርን አነጋግረዋል፤ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። በዚህ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ሥር ባለው ምድር ቤት ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1945 ከቦምብ የተጠለሉ 267 ሰዎች አልቀዋል። ሰው የሉተርን ክፍል አይቶ ይወጣል፤ አንቺ ለነሱም ትንሽ ቁሚ።

ጥያቄ፦ ልጄ እዚያ ከተማ ትምህርት አግኝቷል። ጾም አያፈርስም። ምን ይበላል? ብርዱስ? ሰውስ በመንገድ ላይ ክፉ አይናገረውም? (እናት፣ ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ እማማ፣ በመጀመሪያ ስለ ሆዱ ልንገርዎ። የኤርፉርት ተወላጆች ራሳቸውን ምን ብለው እንደሚጠሩ ያውቃሉ? «ባቄላ»! በቀልድ አይደለም፤ እዚያ የተወለደ ሰው ፑፍቦነ ይባላል፣ የኛው ባቄላ ነው። ድሮ በአካባቢው ብዙ ይዘራ ነበርና ሰዉ በኪሱ ይዞ እየቆረጠመ ይሄድ ነበር ይላሉ። ቆሎ በኪሱ ለሚይዝ የጎጃም ልጅ ከዚህ የተሻለ ከተማ ከየት ይመጣል? ሽሮና በሶ ከቤት ይሸክም፣ ሻንጣው እስከቻለ ድረስ። የአገሩ ታዋቂ ምግብ በከሰል የሚጠበስ ቋሊማ ነው፤ በጾም ቀን ጠረኑ ብቻ ይፈትነዋል። ግን ፈላፍል የሚሸጡ ቤቶች አሉ፣ ዳቦው ብዙ ዓይነት ነው፣ ድንቹን ደግሞ ክሉሰ እያሉ እንደ ኳስ ያድቦለቡሉታል። ክሉሱን ሲያዝ ግን የሥጋ መረቅ እንዳያፈሱበት አስቀድሞ ይናገር፤ እኔ ረስቼ አንድ ረቡዕ ሙሉ ሳህን መልሻለሁ። እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ይግዛ።

ብርዱ የጮቄ ብርድ ነው፣ ግን ወራት ይቆያል። ጋቢ ስጡት። ውጭ ባይለብሰው ቤት ውስጥ ይለብሰዋል።

ስለ ሰዉ፣ እውነቱን ልንገርዎ። ብዙው ሰው ዝምተኛ ነው፤ ሰላምታ ሲሰጡት ይመልሳል፣ ካልሰጡት አያይም። አልፎ አልፎ የሚያፈጥ አለ፤ አንድ ማታ ትራም ላይ አንድ ሰካራም ክፉ ቃል ወርውሮብኛል፤ ወዲያው አንዲት አሮጊት ተነሥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ምንም ሳትናገር። ማታ ማታ ብቻውን ጣቢያ አካባቢ አያምሽ፣ ከጓደኞች ጋር ይሁን። ቀን ግን ይሂድ፣ ይዙር። ቤት ውስጥ የተዘጋ ልጅ ነው የሚከፋው።

ጥያቄ፦ አንተ ሰውዬ፣ በደንብ ተመቸህ! ጎጃም ውስጥ ስንት ያልታየ ጉድ እያለ የጀርመን ጓሮ ታወራለህ። እኛ ድልድይ የለንም? አባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይን ረሳኸው? (አንባቢ፣ ከሞጣ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተቆጣ፣ መብትህ ነው። አልረሳሁትም። ሰባራ ድልድይን ባሰብኩ ቁጥር መሀሉ የተቆረጠው ቅስትና ሰዉ ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ እየተጎተተ የሚሻገርበት ፎቶ ነው ዓይኔ ላይ የሚመጣው። ጥሩ፣ ጢስ አባይ አጠገብ ያለውን የአላታንም ድልድይ ጨምርበት፤ ያ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ ነው፣ ዛሬም ሰውና አህያ ያሻግራል፣ ፏፏቴውን ሊያይ የሚሮጠው ጎብኚ ግን ከሥሩ ወርዶ ቅስቶቹን አያይም። እኔም የዛሬ ስንት ዓመት ሳልፍበት አላየሁም። ያፈርኩት ኤርፉርት ቆሜ ነው።

ስለዚህ ሥራ ልስጥህ። አንተ ለሰባራ ድልድይ ከኔ ትቀርባለህ። ቅዳሜ ገበያ የሚሻገሩትን ጠይቅልኝ፤ ገመድ የሚጎትተው ማን ነበር፣ ስንት ይከፈለው ነበር፣ ክረምት አባይ ሲሞላስ በግ እንዴት ይሻገር ነበር? አባቶች ስለ ተቆረጠው ቅስት የሚሉትን እንዳለ ጻፈው፤ አታሳምረው። በመጪው ዕትም ሁለት ገጽ ይዤልሃለሁ። ፎቶ ካለህ ከሥር ወደ ላይ የተነሣውን ላክ።